ስለ ቅስቀሳ ንግግርና ስለ ወሬ፦ በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



ይህ ንግግር በጠቅላላ ስብሰባው ዕለት የተነበበ ሲሆን፣ በርቀት ወይም በሕመም ምክንያት የቀሩ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል። ረዘም ይላል። ቆሞ ማንበብ የሚከብደው ሰው ከገንዘብ ያዣችን ቅጂ ወስዶ እቤቱ ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን ይመልስ። ያለፈው ጊዜ የተሰጠው ቅጂ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ዕድራችን የፖለቲካ ማኅበር አይደለም። የማንም ፓርቲ ደጋፊም ተቃዋሚም አይደለንም። ሥራችን ሬሳ ማንሣት፣ ድንኳን መትከል፣ ኀዘንተኛ ማስተዛዘን ነው። ታዲያ ስለ ፖለቲካ ንግግር ምን አገባችሁ የሚል ይኖራል። ያገባናል እንጂ! ባለፉት ወራት፣ ለብዙ ዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት የዕድራችን ቤተሰቦች፣ በስልክ በሰሙት የሰው ንግግር ተኳርፈው አንዱ ከሌላው ለቅሶ ቀርቷል። ስም አንጠራም። ግን ሌላው ሁሉ ቀርቶ የዕድር ሰው ለቅሶ ከቀረ፣ ምኑን ዕድር ሆንነው? በዚህ የተነሣ ኮሚቴው ሰው በንግግር እንዴት እንደሚያዝ አንድ ነገር እንድናዘጋጅ አዘዘን። የእኛ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ቢሆንም፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች የሰማነውንና ከመጻሕፍት ያገኘነውን አቀናብረን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ብዙዎቻችን ሕዝብን የሚያሳስት ሰው ውሸት ይናገራል ብለን እናስባለን። ውሸትስ ቀላል ነበር፤ ውሎ አድሮ ይጋለጣል። የሚያስቸግረው እውነት እያሳዩ ወደፈለጉበት መውሰድ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አብዛኛው ነገር የሆነው እዚሁ ቂርቆስና ካዛንቺስ አካባቢ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረሃብ ነበር። በጊዜው የነበረው መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ድረስ ሄዶ ፊልም አነሣ፤ ፊልሙም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታም ተሰበሰበ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ሲያሳየው ግን እንደነበረ አልነበረም። በረሃብተኛው መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የመጠጥ ብርጭቆ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል እየቆረጡ አስገቡበት። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ ውሻና ሥጋ ይታያል፤ እንደገና ሕፃኑ። ያን ዕለት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያየው ግን ላላየው ነገረው።

በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ካለው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው፣ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው፣ ከመስቀል አደባባይ ብዙም ወደማይርቀው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በመንገድ የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» ይል ነበር።

አሁን ረጋ ብለን እንየው። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ውሾቹም ነበሩ። ከሥዕሎቹ አንዱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሥዕሎቹ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ የተነሡ አልነበሩም፤ አንድ ያደረጋቸው መቀስ ነው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሰው ልብ በራሱ «ስለዚህ» ይላል። ይህን «ስለዚህ» አሳዪው አፉን ከፍቶ አላለውም። ያልነው እኛው ነን፤ የራሳችን ሐሳብ ስለሚመስለንም አንጠራጠረውም። ሰው ከሌላው የሰማውን ይመረምራል እንጂ ራሱ የደረሰበትን ማን ይመረምራል? ያቺ ቮልስዋገንም ብትሆን እንዲያው ሌላ መኪና ጠፍቶ የመጣች አትመስለንም። ዘውድ የጫነ ሰው ጎንበስ ብሎ ትንሽ መኪና ውስጥ ሲገባ ማየት ከስንት መግለጫ ይበልጣል።

ይህን የምንለው በንጉሡ ዘመን ጥፋት አልነበረም ለማለት አይደለም። ረሃቡ ተደብቆ ነበር፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1976 መጨረሻና በ1977 መጀመሪያ፣ የኢሠፓ ምሥረታና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሲከበር፣ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው የእኛው መስቀል አደባባይ በመብራትና በሥዕል አሸብርቆ ነበር። በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነው። የበዓሉ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ሰልፉን ነበር፤ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። ዓለም በወጉ ያወቀው የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ባለ ካሜራ መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ረሃብ አሳይቶ ሥልጣን የያዘው መንግሥት ሁለተኛውን ደበቀ ማለት ነው። መቀሱ ያው ነው፤ አንዴ ለመጨመር፣ አንዴ ለመቁረጥ። ስለዚህ አንድ ነገር በቴሌቪዥን ስናይ፣ ዛሬ የማናየው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ከመንግሥት ጋር መጣላት ሳይሆን እንደ ሰው ማሰብ ነው።

ወደ ቃል እንምጣ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር የማያውቅ የለም። ማን ይቃወመዋል? ጥበቡም እዚያ ላይ ነው። «ትቅደም» ለሚል ሰው «እንዴት? በየት በኩል?» ብትለው «ትዘግይ» ያልክ ይመስላል። መፈክር መልስ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ንግግር ነው። ደግሞ ቤት ከመታ የባሰ ነው፤ ጆሯችን ቤት የመታ ነገር ሲሰማ እውነት የሰማ ይመስለዋል። ቅኔና ተረት ወዳድ ሕዝብ ነንና በዚህ በኩል ቶሎ እንያዛለን። በመጀመሪያው ወራት ለውጡ ያለ ደም እንደሚሆን አብሮ ይዘመር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ወደ 60 የሚጠጉ ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች ተረሸኑ።

ልብ ማለት ያለብን፣ ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ የለመድነው ቃል «ገደልን» አለመሆኑን ነው። «እርምጃ ተወሰደ» ነው። እርምጃ እኮ ዱሮ በእግር መራመድ ነበር! «ተወሰደ» ሲባልስ ማን ወሰደው? ባለቤት የለውም። በአማርኛችን «ተ» የምትባለው ፊደል ትልቅ መጋረጃ ናት፤ ተወሰደ ማለት፣ ተወሰነ ማለት፣ ሠሪውን ከኋላ አስቀምጦ ሥራውን ብቻ ማውጣት ነው። በዕድራችን ቃለ ጉባኤም ቢሆን «ገንዘቡ ወጣ» ተብሎ እንዳይጻፍ፣ «እገሌ በእገሌ ፊርማ አወጣ» ተብሎ እንዲጻፍ የምንከራከረው ለዚሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ጸሐፊው ይነዘንዛል ትላላችሁ፤ ይነዝንዝ።

የሰፈራችንን ስም እንኳ እንይ። ካዛንቺስ የሚለው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ጣሊያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አፋችን ላይ አለ። አንዴ የተለጠፈ ስም በቀላሉ አይላጥም። ይህ የቦታ ስም ነውና ጉዳት የለውም። በሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ሌላ ነው።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ሲናገሩ፣ ደም የሚመስል ቀይ ነገር የተሞላ ጠርሙስ እያነሡ መሬት ላይ ከሰከሱት። በቦታው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎቻችንን «ከንግግሩ የቱ ትዝ ይላችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዱም ቃል ትዝ አይላቸውም። ጠርሙሱ ብቻ። አንደኛው አባታችን «ድምፁ ሲሰማ ሁሉም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፣ ለምን እንደጮህኩ እቤቴ ስገባ ነው ያሰብኩት» አሉን። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ላይ ሲጮህ ዝም ማለት ያስፈራል፤ አብሮ መጮህ ደግሞ ደስ ይላል። የአደባባይ ንግግር ጉልበቱ ከተናጋሪው አፍ ብቻ አይመጣም፤ ግራና ቀኝ ከቆመው ሰው ትከሻም ይመጣል። ለብቻው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ «ይሙት» የማይል ሰው በሰልፍ ላይ ይላል።

ከዚያ በፊትም በኋላም ስሞቹ ነበሩ፦ ፀረ ሕዝብ፣ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ቀልባሽ። በሌላ ወገን የነበሩትም ፋሽስትና ባንዳ እያሉ ይመልሱ ነበር፤ ይገድሉም ነበር። የትላንትናው የእገሊት ልጅ፣ ኳስ የሚጫወተው፣ ውኃ የሚቀዳው ልጅ፣ አንድ ቀን አናርኪስት ተባለ። አናርኪስት እናት የለውም። እንደዚህ ስለሆነም በቀይ ሽብር ጊዜ ሬሳ መንገድ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲጣል፣ አላፊ አግዳሚው የሚያነበው ጽሑፉን እንጂ ፊቱን አልነበረም። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ ነበረ። ማልቀስም ተከለከለ። እናት ድምፅዋን አፍና፣ ነጠላዋን አፍዋ ውስጥ ጎስጉሳ ቤት ውስጥ አለቀሰች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ በቀጥታ የዕድር ጉዳይ ነውና። ለቅሶ ሲከለከል ዕድር ምን ይሠራል? ድንኳኑ እመጋዘን ይቀመጣል፣ ጥሩምባው አይነፋም፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ አይገባም። ይህ ሁሉ በጠመንጃ ብቻ አልመጣም። ጠመንጃው ከመምጣቱ በፊት በሬዲዮና በአደባባይ ስም ተሰጥቷል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ለቅሶ እንዲቀር በመጀመሪያ ጎረቤቱ ሌላ ስም ሊወጣለት ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም እዚሁ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ይገኛል። ገብታችሁ ያላያችሁ አባላት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ወጣቶቹ።

በሩዋንዳም በ1986 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ኤር ቴ ኤል ኤም የሚባል ሬዲዮ ሙዚቃና ቀልድ እያሰማ፣ በመካከሉ ቱትሲዎችን «በረሮ» ይል ነበር። በረሮን መግደል ኃጢአት የሚለው የለም። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. የሬዲዮውን መሥራቾች ሳይቀር በወንጀለኛነት ፈርዶባቸዋል። ጠመንጃ ይዘው ሳይሆን ማይክሮፎን ይዘው።

ወደ እኛው እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በቴሌቪዥን የተደረገው ክርክር መልካም ነበር፤ ብዙ ሰው በርቶለት ነበር። ግን ሚያዝያ 29 ገዢው ፓርቲ፣ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት፣ በተከታታይ ቀን መስቀል አደባባይን ሞሉት። ሁለቱም «ሕዝቡ የእኛ ነው» አሉ። ካሜራ ከላይ ሲያነሣ ሰው ባሕር ይመስላል፤ ባሕር ግን ድምፅ አይሰጥም። የሁለቱም ቀን ሰልፍ ላይ የዋለ ሰው እንዳለም እናውቃለን፤ ስሙን አንጠራም፣ ከመካከላችን ተቀምጧል። በዚያ ምርጫ ከገዢው ወገን ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል ንግግር ተሰማ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም «የቀን ጅብ» የሚለውን ሰምተናል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲጠጋ ደግሞ «ፀጉረ ልውጥ» የሚለው ቃል በየሰፈሩ ይነገር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርስ፣ አባሎቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ተበትነዋል። እዚያ አዲስ ናቸው። ለማያውቃቸው ሰው ሁሉም ፀጉረ ልውጥ ናቸው።

ስለዚህ ስለ መፍረሱም አንድ ቃል። እኛ ልማት አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን «የልማት ተነሺ» የሚለውን ቃል ስሙት፤ ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ ከወንበር የተነሣ ይመስላል። በሌላ በኩል በስልክ የሚመጣው ወሬም ያው ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ይፈርሳል፣ ነገ ያኛው መስመር ነው፣ ካሣ ተቋርጧል እየተባለ፣ ግማሹ ሳይሆን ቀረ። ወረዳው ደብዳቤ ሳይሰጥ ዕቃ ያሰሩ ነበሩ። አንዱ ቃሉን ያለሰልሳል፣ ሌላው ያስፈራራል፤ መካከል ላይ ያለው ሰው እንቅልፍ ያጣል።

ማሳመን ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ፉጨትም ቅስቀሳ ነው፤ ሰው እንዳይሰማ። እሳቸው ፉጨቱ እስኪያልፍ ቆይተው በአማርኛ ተናገሩ። የመርዙ ጋዝ እንዴት እንደተረጨ፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ እንዴት እንደሚመጡ ዘርዝረው አስረዱ። ቁጥር ሰጡ፣ ጊዜ ሰጡ፣ ሊመረመር የሚችል ነገር ሰጡ። ማኅበሩ አልረዳንም፤ ወዲያው በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ሲመረመር አይፈርስም። ሰሚውን «መርምረኝ» የሚል ንግግርና «ቶሎ በል» የሚል ንግግር በዚህ ይለያያሉ። እኚሁ ንጉሥ ከ38 ዓመት በኋላ በአንድ ማታ ፊልም መውረዳቸው ግርም ይላል።

አሁን ስልኩን እናንሣ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ሁሉም ቤት ገብቷል። ያ የ1967ቱ መቀስ ዱሮ በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ኪስ ውስጥ አለ። የሁለት ሰዓት ንግግር ተቆርጦ ሃያ ሴኮንድ ይሆናል፤ ሰውዬው «እንዲህ የሚሉ አሉ፣ ስሕተት ነው» ያለው፣ «ስሕተት ነው» የምትለዋ ተቆርጣ ይመጣል። የሌላ አገር ሬሳ የእኛ አገር ተብሎ ይመጣል። የአምና ፎቶ የዛሬ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ «ሳይጠፋ ቶሎ ለሌላው አስተላልፉ» ይላል። ለምን ቸኮለ? ሬሳ እንኳ ሰዓት ይጠበቅለታል።

ከሁሉም ለይታችሁ «ተባለ» የምትለዋን ያዙልን። ማን አለ? የት ሆኖ? መቼ? ለዚህ መልስ ከሌለ ወሬው ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለውን ዕቃ ደግሞ እቤታችን አናስገባም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም እንድታውቁ ያህል እንጠቅሳለን። እኛ ግን የምንፈራው ከሕጉ ይልቅ ለቅሶ መቅረቱን ነው። ከምንሰማው ሁሉ ክፉ ክፉው የሚጀምረው «እነሱ» በሚል ቃል ነው። «እነሱ» ሲባል ከዕድራችን መዝገብ ውስጥ የትኛው ስም እንደሆነ ጠይቁ። መዝገቡ እኛ ጋ አለ፤ «እነሱ» የሚል አባል የለንም።

ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነውን እናሳውቃለን። በዕድሩ የቴሌግራም ገጽ ከአሁን ጀምሮ የሚለጠፈው ሞት፣ ሕመም፣ የቀብር ሰዓትና የስብሰባ ጥሪ ብቻ ነው። ሌላ ዜና ማስተላለፍ የሚፈልግ አባል ማን እንዳለው፣ የትና መቼ እንደተባለ አብሮ ጽፎ ለዕድሩ ዳኛ ያሳያል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የማንንም የፖለቲካ ሰው ንግግር በስልክ ከፍቶ ማሰማት ተከልክሏል፤ ካርታ መጫወት እንደ ቀድሞው ይፈቀዳል። ለተኳረፉት ሁለት ቤተሰቦች ሦስት ሽማግሌዎች ተመድበዋል፤ አርባው ከመድረሱ በፊት ቤት ለቤት ይሄዳሉ። የቀረው ወገን ለአርባው ወንበርና ትልቁን ድስት እሱ ራሱ ይዞ እንዲመጣ ተጠይቆ «እሺ» ብሏል።

ቀጣዩ አጀንዳ የሁለተኛው ድንኳን ሸራ መቀደድ ነው። ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል።